የቱሉ ዲምቱ ሃይድሮጅን ልክ አያውቅም

ጀነራል ኬሚስትሪ የወሰደ ፍሬሽማን ሁሉ ይቺን የላብራቶሪ ሙከራ ያውቃታል፦ ማግኒዥየም አሲድ ውስጥ ይከታል፣ የሚወጣውን ሃይድሮጅን በቱቦ ይሰበስባል፣ ከዚያ የጋዝ ቋሚውን (የጋዝን ግፊት፣ ይዘት፣ መጠንና ሙቀት የሚያያይዘውን ቁጥር) ያሰላል። መምጣት ያለበት 0.0821 ነው። የኛ ቡድን 0.108 አመጣ። አሲስታንታችን ሪፖርቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ መለሱት፣ መነጽራቸውን አወለቁና "ይሄ የየት አገር ጋዝ ነው?" አሉን። የሚያስቀው ጥያቄያቸው ልክ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ማኑዋሉ 0.040 ግራም የማግኒዥየም ሪባን ይላል። ሪባኗን በብርጭቆ ወረቀት እስክታበራ ፈገፈግናት፤ ላይዋ ላይ ያለው ኦክሳይድ ሚዛን ላይ ይቆጠራል እንጂ ሃይድሮጅን አይሰጥም። ጠቅልለን በቀጭን የመዳብ ሽቦ አሰርናት። መዳቡ ከአሲዱ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ሥራው እሷን ይዞ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ቱቦው እስከ 50 ሚሊ ሊትር የተሰመረ ነው። መጀመሪያ 10 ሚሊ ሊትር 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከላዩ ውሃ እስከ አፉ። ውሃው ቱቦውን ጋደም አድርጎ በግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው፤ አተላው እንዳይነሳ ቡና ከጀበና ሲቀዳ እንደሚደረገው። እዚህ የቸኮለ አሲዱንና ውሃውን ያደባልቅና ገና ሳይዘቀዝቀው ጋዙ መውጣት ይጀምርበታል። ከዚያ ሪባኗን ባለ ቀዳዳ የጎማ ክዳን ላይ አንጠልጥሎ መክደን፣ ቀዳዳውን በጓንት ጣት ይዞ ውሃ ያለው ቢከር ውስጥ መዘቅዘቅ። አሲዱ ከውሃ ይከብዳልና ራሱ ቁልቁል ይሄዳል። ማግኒዥየሟ ጋ ሲደርስ "ፍሽሽሽ"።

እኛ እዚህ ድረስ ጀግኖች ነበርን። (የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ቢከሩን የሞላነው ከሮቶ በጀሪካን ቀድተን መሆኑን ለታሪክ ላስመዝግብ። ሙቀቱን ለክተናል፣ 20 ዲግሪ።)

ጋዙ 30 ደረሰ፣ 40፣ 48። "በቃ፣ አለቀላት" አለ ጓደኛዬ። አላለቀላትም። 50ን አለፈችና ምንም መስመር የሌለበት ባዶ መስታወት ውስጥ ገባች፤ እንዳትነበብ ሆነች ማለት ነው። ጭራሽ አንዷ አረፋ በክዳኑ ቀዳዳ "ቡልቅ" ብላ ሄደች። ሚዛኑን ረገምነው፣ መስኮቱን የከፈተውን ልጅም ረገምነው።

ሁለተኛውን ሙከራ በ0.035 ግራም ሠራን። 46.4 ሚሊ ሊትር፣ ጥርት ያለ ንባብ። ቱቦውን ረጅም ሲሊንደር ውስጥ ከተን የውስጡና የውጪው ውሃ እኩል እስኪሆን ከፍ ዝቅ አደረግነው፤ እኩል ካልሆነ የውስጡ ግፊት ከውጪው አየር ግፊት ጋር አንድ አይሆንም። ይሄንን ዘልለው ያነበቡ ቡድኖች ነበሩ፤ እኛ አልዘለልንም።

ታዲያ ግፊቱ ስንት ነው? ማኑዋሉ ምሳሌው ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጽፏል። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ፣ ስልኬን አውጥቼ የአየር ሁኔታውን አየሁ። 1020 ሄክቶፓስካል። ሲቀየር 765። ከማኑዋሉ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው! ሃይድሮጅኑ ብቻውን አይደለምና በ20 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት ድርሻ የሆነውን 17.5 ሁሉ ቀነስኩለት። ለዚህች ቅነሳ ብቻ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። የመጣልኝ 0.108 ነው፤ 32 በመቶ ስህተት።

አጠገባችን የነበረው ቡድን ጋዙ እንደኛው ከመስመር አልፎበት አይቻለሁ። ሪፖርታቸው ላይ 0.0821 ይላል። ቋሚው ነገር ድፍረታቸው ነው።

ቅዳሜ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ተቀምጬ ያንኑ ስሌት ስነካካ፣ ከድሬዳዋ የመጣችው አክስቴ ባቄላ ለንፍሮ ጥዳ ምድጃው ላይ ቆማለች። አንድ ሰዓት አለፈ። ክዳኑን ከፈተችና "የናንተ ውሃ ደግሞ ይፈላል እንጂ አይሞቅም" አለች።

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ 93 ላይ ይፈላል። ከላያችን ያለው አየር አነስ ይላላ፣ ግፊቱም! የስልኬ 1020 ደግሞ የኛ ሰፈር ግፊት አልነበረም። የአየር ትንበያዎች ከተማን ከከተማ ለማነጻጸር እንዲመች ቁጥሩን ወደ ባሕር ወለል አስተካክለው ነው የሚያወጡት። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ የእሱ ስልክ የራሱ የግፊት መለኪያ አለው። 780 አለኝ፤ 585 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ።

585 ሲቀነስ 17.5፣ 567.5። ለ760 ሲካፈል 0.7467 አትሞስፌር። በ0.0464 ሊትር ማባዛት፣ ለ0.00144 ሞል (0.035 ግራሟ የምትሰጠው የሃይድሮጅን መጠን) እና ለ293 ኬልቪን (ያው 20 ዲግሪ) ማካፈል። 0.0821! ጮህኩ። አክስቴ ተቃጠለ ብላ መሰለኝ እሳቱን አጠፋች።

ያ መጀመሪያ ያመለጠን 0.040 ግራምም ጥፋቱ የሚዛኑ አልነበረም። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው 40 ተኩል ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል፣ ቱቦው ይበቃዋል። ለኛ ግፊቱ ስለሚያንስ ጋዙ ይሰፋና 53 ይሆናል። መጽሐፉ ላይ በ22.4 ሊትር ስቱዲዮ የሚኖረው አንድ ሞል ጋዝ፣ እዚህ በ20 ዲግሪ 31 ሊትር፣ ባለ ሁለት መኝታ ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የምትሠሩ ከ0.035 አትለፉ፣ ሱሉልታ ከፍ ስለሚል 0.033 ይበቃል።

ሰኞ ሪፖርቱን አስተካክለን ስናቀርብ አሲስታንታችን ግማሹን ማርክ መለሱልን። ሌላው ግማሽ "ባሮሜትሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስልክ ለምታይ" ተብሎ ቀረ። እውነትም ተሰቅሏል፤ ካፖርት ተንጠልጥሎበት ነበር።

ቅዳሜ ይሄንን ሁሉ ለአክስቴ በወረቀት እየሳልኩ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "እሺ፣ ገባኝ" አለችና እሳቱን መልሳ ለኮሰች፤ በጭልፋ አንዷን አውጥታ "እስቲ አንተ የተማርከው ቅመሳት" አለችኝ።

ቀጭ።