ሠላሳ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰርቨር

«ልጄ፣ ሒሳቡ ዛሬም እምቢ አለ» ብለው የሐዋሳዋ ገንዘብ ያዥ ሲደውሉልኝ በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። እኔም እንደ ወትሮው «ዘግተው ይክፈቱት» አልኳቸው። የኮምፒውተር ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ሲቀር የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው።

የምሠራበት ድርጅት የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ነው። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ አዳማ፣ ሐዋሳና ኮምቦልቻ ናቸው። ሒሳቡ ሁሉ የሚሠራው ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ነው። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ አገር ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። የድርጅቱን ዳታ ዋናው ቢሮ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ፣ ቅርንጫፎቹ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ እየገቡ እንዲከፍቱት አድርጌ ነበር። ሲያወሩት ያምራል። ሲሠሩበት ግን አንድ ቫውቸር እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይወርዳል፤ መስመሩ በመሐል ከተቆረጠ ደግሞ ጅምር ምዝገባው ተበላሽቶ ይቀራል።

ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ይህን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም አንድ ቫውቸር ለማሳየት ከዳታው ጋር በመቶዎች የሚቆጠር ትንንሽ ጥያቄና መልስ ይለዋወጣል። በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ሐዋሳ ደርሶ ሲመለስ ግን በአስር እጥፍ ይረዝማል፤ ያንን በመቶዎች ያባዙት። ስለዚህ የመስመሩን ፍጥነት በእጥፍ ማሳደግ ብዙ አልጠቀመንም። ችግሩ የቧንቧው ስፋት ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ነበር። ጥፋቱም የፕሮግራሙ አይደለም፤ ለአንድ ቢሮ የተሠራውን ዕቃ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ያራመድኩት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ዳታውን ከማጓዝ ሥዕሉን ማጓዝ ነው። ፕሮግራሙም ዳታውም አዲስ አበባ ሰርቨር ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ሐዋሳ የሚደርሰው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው፤ ከሐዋሳ የሚመለሰውም የቁልፍ ምትና የማውዝ እንቅስቃሴ ብቻ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ሲትሪክስ የሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ በ1995 ዊንፍሬም የሚባል ምርት ይዞ የመጣው በዚሁ መንገድ ነበር። ማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂውን ከሲትሪክስ በፈቃድ ወስዶ በ1998 የዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨርን አወጣ። ዛሬ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስ የሚባለው የዚያ ልጅ ነው። ሲትሪክስን አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በማይክሮሶፍቱ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ላይ ሌላ ክፍያ ይጨምራል፤ 34 ሰው ላለው ድርጅት ይህን ለባለቤቱ የማስረዳበት አፍ አልነበረኝም።

የገዛነው ሰርቨር 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ሲሆን ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ስታንዳርድ ጫንበት። ስታንዳርድ በአንድ ላይሰንስ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ማሽን ውስጥ እንደ ራሱ ኮምፒውተር የሚሠራ ሁለት ክፍል፣ ይፈቅዳል። እኔም ሃይፐር-ቪ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል የሚይዘው ዶሜን ኮንትሮለር፣ ሁለተኛው ሰዎች ገብተው የሚሠሩበት ሴሽን ሆስት። ባለቤቱ መጥተው አዩና «አንድ ማሽን ገዝቼ ለምን ሁለት ታደርገዋለህ?» አሉኝ። «ቁልፍ ያዡንና ደንበኛውን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ስለማይሆን ነው ጋሼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። መልሱ ግን እውነት ነው፤ ተራ ተጠቃሚ በየቀኑ የሚገባበት ማሽን የሁሉም ሰው ቁልፍ የተቀመጠበት መሆን የለበትም።

ሴሽን ሆስቱን የጫንኩት ሰኞ መጋቢት 5 ቀን 2014 ማምሻውን ነው። ይህን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። አጫጫኑ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ሰርቨር ማኔጀር እየጠየቀ ይሄዳል፣ ሰው እየመለሰ ይከተላል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ከመጫን በፊት በትእዛዝ መስኮቱ «ቼንጅ ዩዘር» የሚለውን ትእዛዝ በ«ኢንስቶል» ማዘዝ፣ ጭኖ ሲያበቁ ደግሞ በ«ኤክስኪዩት» መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ሲሆን ሰርቨሩ የፕሮግራሙን ቅንብር መዝግቦ ለሚገባው ተጠቃሚ ሁሉ ያካፍላል። እኔ ፒችትሪን መጀመሪያ የጫንኩት ይህን ሳላደርግ ነበር። በእኔ ስም ስገባ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ሌላው ሰው ሲገባ ግን እንግዳ የሆነ ያህል ሁሉንም ነገር ከአዲስ ይጠይቀዋል። አውጥቼ እንደገና ጫንኩት።

መጀመሪያ ለሁሉም የሰጠሁት ሙሉ ዴስክቶፕ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰርቨሩ ማቃሰት ጀመረ። ገብቼ ሳይ ሚሞሪውን የበላው ሒሳቡ ሳይሆን የኢንተርኔት ማሰሻው ነው፤ አንዱ ከሰርቨሩ ላይ ሆኖ የእግር ኳስ ቪዲዮ ያያል፣ ኮምቦልቻ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ቫውቸሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። ስለዚህ ዴስክቶፑን ትቼ ፒችትሪን፣ ወርድንና ኤክሴልን ብቻ በሪሞትአፕ አወጣሁ። ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ቢሠራም በሰውየው ስክሪን ላይ እንደ ራሱ ፕሮግራም በመስኮት ይከፈታል። ሰርቨሩ እፎይ አለ፤ የእኔ ስልክ ግን «ፋይሌ ጠፋ» በሚል ጥሪ ተጨናነቀ። መስኮቱ የራሳቸውን ስለሚመስል ደብዳቤውን «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ያ ዶክዩመንትስ ግን የሰርቨሩ ነው። በኋላ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይፈልጉታል፣ የለም። አንዷ ሠራተኛ ያንኑ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስቱም እዚያ ተደርድረው አገኘኋቸው። በመጨረሻ ከሰርቨሩም ከራሳቸው ኮምፒውተርም የሚገኝ አንድ የጋራ አቃፊ ከፍቼ «የእኔ ሥራ» ብዬ ሰየምኩት። ጥሪው በአብዛኛው ቆመ።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ስለ ማተሚያ ነው። ቅርንጫፎቹ ቫውቸር የሚያትሙት በካርቦን ቅጂ ወረቀት ላይ፣ መርፌ እየመታ በሚያትመው የድሮው ዓይነት ማተሚያ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ ኢዚ ፕሪንት የሚባል አሠራር አለው፤ ሰርቨሩ ላይ የማተሚያውን ድራይቨር (ከማተሚያው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) መጫን ሳያስፈልግ የትኛውም ማተሚያ እንዲያትም ያደርጋል። ለሌዘር ማተሚያ ግሩም ነው። የእኛ ማተሚያ ግን ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ተልኮለት እያንዳንዷን ፊደል በነጥብ መሣል ያዘ፤ አንዲት ቫውቸር ለማውጣት ሲንቋቋ ደንበኛው ተቀምጦ ይጠብቃል። ይባስ ብሎ ጠቅላላ ድምሩ በራሱ ወረቀት ላይ መሆኑ ቀርቶ በሚቀጥለው ቫውቸር አናት ላይ ይታተማል። ኮምቦልቻ ድረስ ሄድኩ። ወረቀቱን በማስመሪያ ለካሁት፤ 24 በ14 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የተለመደው ገጽ ግማሽ ነው። ሰርቨሩ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ስለመኖሩ ነግሬው አላውቅም፣ ሙሉ ገጽ እየመሰለው ነበር። የማተሚያውን የራሱን ድራይቨር ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ፣ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የዊንዶውስ ማዘዣ ኢዚ ፕሪንት ቀዳሚ እንዳይሆን አደረግሁ፣ በልኩ አዲስ የወረቀት ዓይነት ፈጠርኩ። ከዚያ በኋላ ድምሩ ቦታው ገባ። ሰርቨሩን አንድ ማታ ጭኜ ለማተሚያ ሦስት ሳምንት መክፈሌን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ የሰዓቱ ጉዳይ መጣ። ሰርቨሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ፈለግሁ። መቼ ይሻላል ብዬ ስጠይቅ ባለቤቱ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማን አለ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም ደክሞኝ ነበር መሰለኝ ማዘዣው ላይ 9:00 ብዬ ጻፍኩ። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 9:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ አራቱም ቢሮ ሥራ ላይ እያለ፣ ሰርቨሩ ታዛዥ ነውና በሰዓቱ ጠፋ። ድሮ አንድ ኮምፒውተር ሲበላሽ አንድ ሰው ተነሥቶ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ያን ቀን ሠላሳ አራቱም ተነሡ። ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ ጠፋ። የሰውን ሁሉ ጠረጴዛ ወደ አንድ ማሽን ስሰበስብ የራሴንም ስሕተት ለሁሉም እኩል እንዲዳረስ አድርጌ መሰብሰቤ የገባኝ ያኔ ነው።

ትምህርቱ ግን አልበቃኝም ነበር። ለሪሞት ዴስክቶፕ ከዊንዶውሱ ሌላ የተለየ ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ማይክሮሶፍት ሴሽን ሆስት ከተጫነ በኋላ ለ120 ቀን ያለዚህ ላይሰንስ ያሠራል። እኛ ላይሰንሱን ገዝተናል፣ ዶሜን ኮንትሮለሩ ላይ አስገብቼ አንቅቼዋለሁ። ስለዚህ በአድሚኒስትሬተር ስም በገባሁ ቁጥር ጥግ ላይ ብቅ እያለ «ይህን ያህል ቀን ቀርቶሃል» የሚለውን ማሳሰቢያ እንደ ዝንብ በእጄ እያባረርኩ አለፍኩት። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ ስሌቱ ጣት መቁጠር አይጠይቅም፤ ከመጋቢት 5 አራት ወር ሲቆጠር ሐምሌ 5 ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሒሳብ ክፍሉ በዓመት መዝጊያ ሥራ ተወጥሯል። ማክሰኞ ሐምሌ 5 ደግሞ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ዕለት ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ ለምሳ ክትፎ ሊበላ ገንዘብ አዋጥቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማንም መግባት አልቻለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ላይሰንስ የሚሰጥ ሰርቨር አልተገኘም የሚል መልእክት ብቻ ነው።

ደግነቱ ለአስተዳዳሪ የተለየ በር አለ፤ ሪሞት ዴስክቶፑን በ«አድሚን» ምርጫ ሲከፍቱት ላይሰንስ ሳይጠይቅ ያስገባል። ገብቼ የላይሰንስ መመርመሪያውን ከፈትኩ። ላይሰንሱ አለ፤ ሴሽን ሆስቱ ግን የት ሄዶ እንደሚጠይቅ፣ የሚጠይቀውም በሰው ይሁን በመሣሪያ፣ ማንም አልነገረውም። ዕቃው ግምጃ ቤት ገብቷል፣ ማውጫ ደረሰኝ የቆረጠ ግን የለም። በማሰማሪያ ቅንብሩ ውስጥ የላይሰንስ ሰርቨሩን ስም ጻፍኩ፣ «በተጠቃሚ» የሚለውን መረጥኩ፣ አለቀ። ሥራው አምስት ደቂቃ፣ ድንጋጤውና ፍለጋው ግን እስከ አራት ሰዓት ተኩል ወሰደኝ። በመሐል አንድ ጓደኛዬ በስልክ «ከሬጂስትሪው ውስጥ አንዲት ቁልፍ ብትሰርዝ እኮ 120 ቀኑ እንደገና ይጀምራል» ብሎ መከረኝ። በገንዘብ የተገዛ ነገር እያለኝ እንደ ሌባ በመስኮት የምገባበት ምክንያት አልታየኝም። ክትፎውን እኔም ተጋበዝኩ፤ ሒሳቡን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

አንድ ሌላ ስሕተት በአጭሩ ልናዘዝ። የአዳማው ሥራ አስኪያጅ ከቤታቸው መሥራት ፈልገው ቢለምኑኝ 3389 የሚባለውን የሪሞት ዴስክቶፕ በር ለአንድ ቅዳሜና እሑድ በቀጥታ ለኢንተርኔት ከፈትኩት። ሰኞ የደኅንነት መዝገቡን ስገልጥ በቁጥር 4625 የሚመዘገበው ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ገጽ በገጽ ሞልቶታል። ዘጋሁት። አሁን ሥራ አስኪያጁም እንደ ቅርንጫፎቹ የሚገቡት በቪፒኤን ነው። የበሩን ቁጥር መለወጥ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ በር አንኳኪው ግን ሁሉንም ቁጥር ነው የሚያንኳኳው።

መብራትስ? ዋናው ቢሮ ዩፒኤስና ጄኔሬተር አለው፣ ቅርንጫፎቹ የላቸውም። ቅርንጫፍ ላይ መብራት ሲጠፋ የሰውየው ኮምፒውተር ይሞታል፤ ሰርቨሩ ላይ የከፈተው ሥራ ግን በቦታው ይቆያል። የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው። እኔ ሚሞሪ ልቆጥብ ብዬ 15 ደቂቃ አድርጌው ነበር። መብራቱ ደግሞ በ15 ደቂቃ የሚመለስበትን ቀን አላስታውስም። ወደ አራት ሰዓት አሳደግሁት፤ አንድ ሰው ሰርቨሩ ላይ አንድ ሴሽን (የተከፈተ የሥራ ቆይታ) ብቻ እንዲኖረውም ገደብኩ። ያለዚያ ሰውየው ተመልሶ ሲገባ አዲስ ይከፈትለትና አሮጌው የፒችትሪ ስሙን እንደያዘ ይቀመጥበታል።

ይህን ባስተካከልኩ በሳምንቱ ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ። ሲመለስ ስልኬ ጮኸ፤ ገንዘብ ያዧ ናቸው። ልቤ ድንግጥ አለ።

«ልጄ፣ ቫውቸሩ እንደተውኩት አለ፤ የጀመርኩት ቁጥር እንኳን ግማሹ ተጽፎ ቁጭ ብሏል» አሉኝ።

«እሰየው እትዬ!»

«ደንበኛው ግን ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል። እሱንም የሚያቆይ ነገር የለህም?»