ፍሬን የሚያዘው ቢጫ ላይ ነው

የባቡር ሹፌር ነኝ። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ቀይ ሲበራ ያንን ሁሉ ፉርጎ እንዴት ነው የምታቆመው?» ይለኛል። ቀይ ሲበራማ ቀድሞ አልቋል። ቀዩ ጋ ስደርስ አብዛኛውን ሥራ ጨርሼ መገኘት አለብኝ፣ ሥራው ያለው ቢጫው ላይ ነውና።

ነገሩ ከጎማው ይጀምራል። የመኪና ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል። የባቡር ጎማ ግን ብረት ነው፣ የሚሄደውም ብረት ላይ ነው። በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚጎትተው ለዚህ ነው፣ ለመቆም የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ረጅም የጭነት ባቡር ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ እንኳ እስኪቆም 1.6 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሐዲዱ ከራሰ ወይም የረገፈ ቅጠል ተጨፍልቆ ከተለጠፈበት ደግሞ ይብሳል። ታዲያ ኩርባ ላይ ከዚያ ርቀት ቀይ መብራት የሚያይ ዓይን ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ከቀዩ በፊት ቢጫ የሚቆመው። «ቀጣዩ ላይ ለመቆም ከአሁኑ ተዘጋጅ» ማለት ነው። አንዳንድ መስመሮች ላይ ከእሱም ቀደም ብሎ ሁለት ቢጫ አብሮ ይበራል።

ስሠለጥን የደንቡን መጽሐፍ መሸምደድ አልከበደኝም። የከበደኝ መስመሩን ማወቅ ነው። አሠልጣኜ ነባር ሹፌር ናቸው፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። አጠገቤ ተቀምጠው «ይሄ መብራት ምን ይላል?» ብለው አይጠይቁኝም። «ቀጣዩ የት ነው? በየት በኩል ነው? ከየት ጀምሮ ይታይሃል?» ነው የሚሉኝ። እኔም አንድ ደብተር ያዝኩና ለእያንዳንዱ ሲግናል፣ ማለትም ለሐዲድ ዳሩ የምልክት መብራት፣ የራሱን ቦታ ሰጠሁት፦ በግራ ነው በቀኝ፣ ከየትኛው ድልድይ በኋላ ብቅ ይላል፣ ከፊቱ ቁልቁለት አለ ወይ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታ መብራቱ ይጠፋል ወይ። የማታውን ለብቻ ጻፍኩ፣ ምክንያቱም ቀን ምልክት ያደረጋችሁት ዛፍና ሕንፃ ማታ የለም። ለአዲስ ሠልጣኝ የምመክረው መጀመሪያ ይሄንን ነው። ሲግናል እስኪታያችሁ አትጠብቁ፣ የት እንዳለ አውቃችሁ ፈልጉት። መኖር ባለበት ቦታ መብራቱ ጠፍቶ ካገኛችሁት ደግሞ «ምንም አልበራም» ብሎ ማለፍ የለም፣ እንደ ቀይ ነው የሚቆጠረው።

ሁለተኛው ልማዴ ጣት መቀሰር ነው። ይሄ ከጃፓን የመጣ ነው፣ እዚያ ሹፌሮች እያንዳንዱን ሲግናል በጣታቸው እያመለከቱ ያዩትን ጮክ ብለው ይናገራሉ። መጀመሪያ ስታዩት እንግዳ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም ቀላል ሥራ ሰጥቶ ሲሞክረው፣ ከ100 ድርጊት 2.38 የነበረው ስህተት ሲጠቁሙና ሲናገሩ ወደ 0.38 ወረደ። እኔ ጥቅሙ የገባኝ በተለይ ሲደክመኝ ነው። ዓይን ዝም ብሎ አይቶ ያልፋል፣ እጅና አፍ ሲጨመሩበት ግን ልብ አብሮ ይነቃል።

ቢጫ ሲመጣ የማደርገው ይህን ነው። ጣቴን እቀስራለሁ፣ «ቢጫ፣ ቀጣዩ ቀይ» እላለሁ፣ ኃይሉን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ፍሬኑን ነካ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ በትንሹ ነካ ማድረጉ ፍጥነት ለመቀነስ ብቻ አይደለም፣ ሐዲዱ ዛሬ ይይዛል ወይስ ያንሸራትታል የሚለውን ይነግረኛል። ፉርጎዎቹ ከኋላ እየተገፉ ሲሰበሰቡ በወንበሬ በኩል ይሰማኛል። የፍጥነት መለኪያው መውረድ ከጀመረ ደህና ነኝ። ካልወረደ ደግሞ ገና ብዙ ርቀት አለኝ፣ ያኔ እጨምራለሁ። ይሄንን ርቀት «ምናልባት ቀዩ እስክደርስ አረንጓዴ ይሆናል» በሚል ተስፋ የሚያባክን ሹፌር ያስፈራኛል። ብዙ ጊዜ እውነትም ይቀየራል፣ አደጋው እሱ ነው፣ ሰውን ያስለምዳል።

ስለ መልመድ ካነሳሁ አይቀር የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ባለው ሥርዓት ባቡሩ ወደ ቢጫም፣ ወደ ሁለት ቢጫም፣ ወደ ቀይም ሲቀርብ ካቢን ውስጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ሹፌሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልተጫነ ፍሬኑ በራሱ ይያዛል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን በተጨናነቀ መስመር ላይ ጣት ብቻውን ቁልፉን መጫን ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ውስጥ ላድብሮክ ግሮቭ ላይ አንድ ባቡር ቢጫውን፣ ከዚያም ቀዩን አልፎ ከሌላ ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጨና 31 ሰው ሞተ። ሹፌሩ ሥልጠናውን ከጨረሰ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ሲግናሉ በኤሌክትሪክ መስመሩ ዕቃዎች የተከለለ ነበር፣ የጠዋት ፀሐይም ይመታው ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት ደግሞ ስምንት ጊዜ በቀይ ታልፏል። ይህን ሳነብ በጣም ተናደድኩ። ስምንት ጊዜ የታለፈ ሲግናል የሹፌር ችግር ብቻ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ወዲህ ለማየት የሚያስቸግር ሲግናል ካገኘሁ በቃል ተናግሬ አልተውም፣ በጽሑፍ አመለክታለሁ። ቁልፉንም ቀለሙን በአፌ ሳልጠራ አልጫንም።

ከመብራቱ ሌላ ደግሞ ሐዲድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቢጫ ባንዲራ ወይም ሰሌዳ ከሆነ ፍጥነት ቀንስ ነው፣ ቀይ ባንዲራ ቁም ነው። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ያነሳ ሰውም ቁም እያለኝ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ሸሚዝም ቢሆን ፌስታል፣ ሐዲድ ዳር ቆሞ እንደ እብድ የሚያውለበልብ ሰው ካየሁ ፍሬን እይዛለሁ። ምክንያቱን ቆሜ እጠይቀዋለሁ።

ጭጋግ ሲሆን ባንዲራም መብራትም ዋጋ ያጣል። ለዚያ ሐዲዱ ላይ የምትታሰር፣ ጎማ ሲረግጣት የምትፈነዳ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አለች። እ.ኤ.አ. በ1841 ኤድዋርድ ካውፐር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው የፈለሰፋት፣ ዛሬም ድረስ በብዙ አገር ትሠራለች። ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው ተራርቀው ይታሰራሉ። በሥልጠና ላይ አስረግጠውን ሰምቻታለሁ፦ ጧ! ጧ! ጧ! በሞተሩ ጩኸት መሃል ከእግር በታች ይመጣል፣ ሌላ ነገር ነው ብሎ መሳሳት አይቻልም። ስትሰሙ ወዲያው ማቆም ነው።

መንገድ ከሐዲድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲቃረብ ክላክስ አለ፣ አሜሪካ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መዝጊያው ወርዷል ብላችሁ ክላክሱን አትተዉት።

በመጨረሻ ሰው የማይጠረጥረውን ልንገራችሁ፤ ቆሞ መነሳት። ጣቢያ ገብታችሁ ቆማችኋል፣ ከፊት ያለው ሲግናል ቀይ ነው፣ ሰው ይወርዳል ይሳፈራል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ «ተነስ» የሚለው ደወል ይመጣል። አደጋው እዚህ ነው፦ ሲግናሉ ገና ቀይ ሆኖ ሳለ እጅ በደወሉ ብቻ ይነሳል። እንግሊዞች ለዚህ ሹፌሩ ፊት የማስታወሻ ቁልፍ አስገጥመዋል፣ ሲጫኑት ቀይ ይበራና ኃይሉ ይቆረጣል፣ ሹፌሩ ራሱ እስኪመልሰው እንደዚያው ይቆያል። ቁልፉ የሌለው ባቡር ሲደርሰኝ ቀይ ፊት እንደቆምኩ መሪውን፣ ማለትም ኃይል የሚሰጠውን እጀታ፣ ዜሮ ላይ አድርጌ እጄን አነሳለሁ። ደወሉ ሲመጣ መጀመሪያ ሲግናሉን እጠቁማለሁ፣ ቀለሙን እጠራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው መሪውን የምነካው። ሲግናሎቹን የሚቆጣጠረው ሰው በሬዲዮ ቀዩን እለፍ ካለኝም የሲግናሉን ቁጥር መልሼ አነብለታለሁ፣ «ልክ ነው» እስኪለኝ ጎማ አይዞርም።