ብርዱ የማን ነበር?

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። ምክንያት ልፈልግለት ብል አላገኘሁም። ጭጋጉ እስከ ቀትር አልተገፈፈም፤ ፍልሰታ ነውና የቤቱ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው፤ እኔ ጋቢ ደርቤ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ቤት ኪራዩና ስለዚያ የማይመለስ ብድር ነበር። ጣቶቼ ሲቀዘቅዙ ግን ሐሳቤ ሌላ መንገድ ያዘ።

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ «በረደኝ» የሚልን ሰው ማን ልብ ይለዋል? ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ሁሉም ይበርደዋል፤ ሁሉም ይደርባል። ያኔ በግንቦት ፀሐይ ሁለት ሹራብ ለብሼ ስንቀጠቀጥ እትዬ «ይህ ብርድ መች ሰው ያኖራል» ብለው ትኩስ ሻይ ቀዱልኝ። ያለ ስኳር ጠጣሁት። ብርዱ የአገሩ ሳይሆን የእኔ እንደነበር ያወቀ ሰው አልነበረም።

ጾሙም እንዲሁ ሸፍኖኛል። ቁርስ መተው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት፣ ቅቤና ሥጋ መሸሽ በእኛ ቤት ያስመሰግናል እንጂ አያስጠይቅም። መብላትን የሚያስፈራኝ በሽታ ይህን ያውቃል። የሰውን ምስጋና እየበላ ያድጋል።

የብርዱን ነገር በስልክ የገለጠችልኝ የምትረዳኝ የምግብ ባለሙያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1945 አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየመገበ ስድስት ወር ያህል አቆያቸው። በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው፤ ኅሊናቸው መሣሪያ ማንሣትን ስላልፈቀደላቸው በውትድርና ፋንታ ይህን መረጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራበ ሕዝብ እንዴት ቢመገብ እንደሚያገግም ለማወቅ ነበር ጥናቱ። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። በበጋው ሙቀት በረዳቸው። ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከጓደኛ ጋር መጫወት አስጠላቸው።

ይህን ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ያ ደብተር ትዝ አለኝ፤ የዶሮ ወጡን፣ የስልጆውን፣ የጩኮውን አሠራር አሳምሬ የጻፍኩበት። ለቤቱ ሁሉ እያበሰልኩ አንድ ጉርሻ የማልቀምስበት ዘመን ነበር። ጠባዬ መስሎኝ ነበር። ረሃብ ነበር። ክፉ ዘመን የመጣበት ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እንዳይነካ ሌላውን ሁሉ እንደሚያስቀር፣ ሰውነትም ሙቀቱን፣ የወር አበባውን፣ ፀጉሩን እየተወ ነፍስን ለማቆየት ይታገላል። የልብ ምት ሳይቀር ይዘገያል።

ሚዛኑ ግን ይህን አይናገርም። በአንድ ጤና ተቋም ኪሎዬን በቁመቴ አስልተው «ጥሩ ላይ ነሽ፤ ትንሽ ብትቀንሺም አይጎዳሽም» ብለው ሸኝተውኛል። የወር አበባዬ ከቀረ ወራት አልፈው ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። ያ ስሌት፣ ዛሬ ቦዲ ማስ ኢንዴክስ (BMI) የሚባለው፣ የመጣው ከቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ። ሐኪም አልነበረም፤ የሚፈልገውም የብዙ ሰዎችን አማካይ እንጂ የአንዲትን ሴት ጤና አልነበረም። ስሌቱ የዛሬ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ስም ያወጡለት ያው አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ ናቸው። ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዓይኑ ያየው ሰው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ብዙ ኪሎ ቢያጡም ክብደታቸው ዝቅተኛ ከሚባለው ያልደረሰ፣ የቀረው የአኖሬክሲያ (ክብደት መጨመርን እየፈሩ ራስን የማስራብ ሕመም) ምልክት ግን ሁሉ ያላቸውን ሰዎች ሕመም ኤቲፒካል (ከተለመደው የተለየ) አኖሬክሲያ ብሎ ጠርቶታል። ልባቸው እንደ ሌሎቹ ይዘገያል፤ በደማቸው ያሉ ማዕድናት እንደ ሌሎቹ ይዛባሉ። ስም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን ስሙን እስክሰማ ድረስ «የታመመ ሰው እንዲህ አይደለም» እየተባልኩ ኖርኩ።

ባለሙያዋ አዲስ አበባ ናት፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነን በስልክ ነው የምንነጋገረው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በቀን ስንት ሰዓት ስለ ምግብ ታስቢያለሽ?» ብላ ነው። ቀጥላ እንቅልፌን፣ ብርዱን፣ ከመቀመጫ ስነሣ የሚያዞረኝን ጠየቀች። ደሜ እንዲመረመር፣ ልቤ እንዲታይ አደረገች። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ የጠናበት ሰው ሆስፒታል ተኝቶ የሚጀምረው ለዚህ ነው። መመዘን ካለብኝ ጀርባዬን ለቁጥሩ ሰጥቼ እቆማለሁ፤ ቁጥሩ የሐኪሙ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የየዕለት ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከላቸው መክሰስ፤ ሆድ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ባዶውን አይቆይም። ራበኝ አልራበኝ አይባልም፤ የረሃብ ስሜቱ ራሱ ታሞ ስለሚቆይ ገና አይታመንም። ሆዴ ሲነፋ፣ ጨጓራ በረሃብ ዘመን ሥራውን እንደሚያዘገይና የሚሻለውም በመብላት እንደሆነ አስረዳችኝ። የምታዝልኝ የቤታችንን ነው፦ በሶ፣ ቂንጬ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ቆሎ በለውዝ። «ይህ ጥሩ ምግብ፣ ያ መጥፎ ምግብ» የሚል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጩኮን የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ የፈራሁት የለም፤ በቅቤ የታሸውን ገብስ በእጄ ይዤ ስንቀጠቀጥ፣ እርሷ በስልኩ ወዲያ ማዶ የራሷን ምሳ እየበላች ጠበቀችኝ። አልቸኮለችም። አላባበለችኝም። ይህን ደግነት እስክሞት አልረሳውም።

ስለ ጾሙ የነፍስ አባቴን አነጋገርኩ። «ልጄ፣ የታመመ አይገደድም። ያንቺ ጾም የሰጡሽን መብላት ይሁን» አሉኝ። ባለሙያዋም ጾምን አትነቅፍም፤ የሚያሳስባት ረጅሙ ሰዓትና ከጾሙ ሥር የሚደበቀው ሌላ ሐሳብ ነው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ግን ተስማሙልኝ። ቢሆንም ሁሉም ሲያስቀድስ ቂንጬ በልቶ ቤት መቀመጥ ቀላል አይደለም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ከመሐል ሜዳ መጥታ ክረምቱን እኛ ዘንድ የምታሳልፈው የአጎቴ ልጅ ናት። ከሰኔ ወዲህ እራት ትታለች። ዝናቡ ባባራ ቁጥር አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ወደሚቀመጡት ልጆች ትሄዳለች፤ ሳንቲሟን ከፍላ ቁጥሯን አይታ ትመለሳለች፤ የዚያን ቀን ፊቷ የሚፈካውም የሚጠቁረውም በቁጥሩ ነው። ቀጭን አይደለችም፤ ስለዚህ ሁሉም «ጎበዝ፣ በርቺ» ይላታል። መስከረም ሲጠባ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ እዚያ ደግሞ ስልኩ እንኳ እንደ ልብ አይሠራም። ኪሎዋን ሳላነሣ፣ መልኳን ሳላነሣ፣ ሳላሳፍራት በምን ቃል ልጀምርላት? እሺ ብትለኝስ፣ እዚያ ሄዳ ቁርሷን ከማን ጋር ትበላለች?