አራት ሜዳ ለሁለት ቡድን

ነገሩ የሆነው በአንድ የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በማርች ወር፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። የወንዶቹ የቴኒስ ቡድን ረፋድ 5 ሰዓት፣ የሴቶቹ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንዲጋጠሙ ተይዟል (ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ደጅ ያሉት ሜዳዎች 12 ስለሆኑ ብራ ሲሆን ማንም አይቸገርም። ያን ዕለት ግን ሌሊት የጀመረው ዝናብ አላባራ አለ፤ ውድድሩ 4 ሜዳ ብቻ ወዳለው አዳራሽ ገባ። የመጀመሪያው ሰዓት ግን እንዳለ ቀረ። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው።

በኮሌጅ ቴኒስ አንደኛ ዲቪዚዮን አንድ ግጥሚያ 7 ነጥብ አለው። መጀመሪያ 3 የጥንድ ጨዋታዎች እኩል ይጀመራሉ፤ እያንዳንዳቸው እስከ 6 ጌም የሚደርስ አንድ ዙር ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ 6 የነጠላ ጨዋታዎች ይከተላሉ፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። 4 ነጥብ ቀድሞ የያዘ አሸናፊ ነው። ስድስት ሜዳ ካለ ስድስቱም ነጠላ አብረው ስለሚሄዱ ግጥሚያው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የ4 ሰዓቱ ልዩነት የተሰላው በዚህ ነው።

በአራት ሜዳ ግን አምስተኛና ስድስተኛ ተጫዋቾች ሜዳ እስኪለቀቅ ይጠብቃሉ። የወንዶቹ ጥንድ 5:45 አለቀ፤ ነጠላው 5:55 ተጀመረ። የመጀመሪያው ሜዳ የተለቀቀው 7:20፣ ሁለተኛው 7:40 ነው። የጥንዱና የአራቱ ነጠላ ነጥቦች ሲደመሩ 5 ብቻ ናቸው፤ ውጤቱ 3 ለ 2 ከሆነ አሸናፊው የሚለየው በቀሩት ሁለቱ ነው። እንደዚያው ሆነ፤ አምስተኛውን የተመሪው ቡድን ወሰደና 3 ለ 3 ሆነ። ስድስተኛው ሦስት ዙር ሄዶ 10:15 ላይ አለቀ።

የሴቶቹ ቡድኖች ከ8 ሰዓት ጀምሮ በኮሪደር ቆመው ነበር። ገብተው ሰውነታቸውን አሟሙቀው ጥንዱ የተጀመረው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ የመጨረሻው ነጠላ ያለቀው ከምሽቱ 3:40። ዳኞቹም ሳያርፉ ነው የዋሉት።

በመሐል ሌላ ችግር ነበረ። የጥንድ ሜዳ ስፋቱ 10.97 ሜትር፣ የነጠላው 8.23 ነው። በጥንድ መረብ ላይ ነጠላ ሲጫወቱ ከነጠላው መስመር 0.914 ሜትር ወደ ውጭ፣ በሁለቱም በኩል፣ ቁመቱ 1.07 ሜትር የሆነ መረብ ደጋፊ እንጨት ይቆማል። ለአራት ሜዳ 8 እንጨት ያስፈልጋል፤ በአዳራሹ ዕቃ ቤት የነበረው 6 ነው። የቀሩትን ሁለት ከደጅ ሜዳ ሮጠው አምጥተው በጥድፊያ መስመሩ ጥግ አቆሟቸው። እንጨቱ ወደ ውስጥ በቀረበ ቁጥር መረቡ መስመሩ አጠገብ ከፍ ስለሚል መስመር ለመስመር የሚመታ ኳስ መረብ ይነካል። የእንግዳው አሰልጣኝ አይቶ እስኪያስተካክሉት አንድ ሜዳ ቆመ።

የእንግዳዎቹ ወንዶችና ሴቶች በአንድ አውቶቡስ ነው የመጡት። ሾፌሩ ሥራ የጀመረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። በአሜሪካ ሕግ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር 15 ሰዓት በሥራ ላይ ከቆየ በኋላ መንዳት አይችልም፤ የእርሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሞልቷል። ሁለት ቡድን ያልታሰበ ሆቴል አደረ።

በማግስቱ ብዙዎች ዝናቡን ወቀሱ። ከስፖርት ክፍሉ አንዲት ባልደረባ ግን የዓመቱን መዝገብ ገለጠች፦ ወደ አዳራሽ በተዛወረ ቀን ሁሉ ወንዶቹ ቀድመዋል፣ የዘገየውን ሁሉ የተሸከሙት ሴቶቹ ናቸው። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ የዝናብ ቀን ዕቅዱ አንዴ ተጽፎ በዚያው ቀረ። በፈረንጆቹ 1972 የወጣው፣ በትምህርት ተቋማት በጾታ ማዳላትን የሚከለክለው ታይትል ናይን የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ግን ሐሳብን አይጠይቅም። በ1979 የወጣው ማብራሪያው የግጥሚያና የልምምድ ሰዓት አመዳደብን ከሚመረመሩት ነገሮች መካከል በስም ጠቅሶታል። ልጆቹ ላይ የደረሰው በደል እውነተኛ ነበር፤ መዝገቡ ባይገለጥ ይቀጥል ነበር።

አሁን ተራው በየዝናቡ ቀን ይቀያየራል፤ ባለፈው ማን እንደቀደመ በጽሑፍ ይያዛል። በአዳራሽ በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል 6 ሰዓት ይተዋል፦ አንዱ ከጠዋቱ 3፣ ሌላው ከቀኑ 9። ውሳኔው በዋዜማው 12 ሰዓት ምሽት ላይ ይቆረጥና ለእንግዳው ቡድን ይነገራል። 4 ነጥብ ሲሞላ የቀሩት ጨዋታዎች እንዲቆሙ ሁለቱ አሰልጣኞች ሳይጀመር ይስማማሉ። 8ቱ እንጨቶች በአዳራሹ ይቀመጣሉ፤ የሚቆሙበት ነጥብ ከመረቡ ሥር ወለሉ ላይ በቀለም ተመልክቷል። ለእንግዳው ሾፌርም እንደደረሰ ክፍል ይያዝለታል። ተማሪዎቹን ምሳ ሲያመላልስ ከዋለ ሰዓቱ ይቆጠርበታል፤ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ ካረፈ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።