ሻንሲ ቁጥር አይፋቅም

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን አሁንም ይከነክነኛል፣ በተለይ አለቃዬ የጠየቀኝ ጥያቄ።

ኮምቦልቻ ባትላሜራ ነኝ። ከተጋጨ መኪና የወጣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ የተበላ ማርሚታ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት እኔ አየዋለሁ። ከሚተርፈው ላሜራ ስታር ትሬክ የተባለውን የአሜሪካ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ዕቃዎች እሠራለሁ፦ ክዳኑ የሚገለበጥ መገናኛ፣ ሽጉጥ፣ የጠፈር መርከብ። እዚህ ሆኖ ኦሪጅናሉን መሰብሰብ አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2006 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ባካሄደው ጨረታ ከኋለኛው ተከታታይ የአንዱ መርከብ ሞዴል ብቻውን 576,000 ዶላር ወጥቶበታል። ስለዚህ የእኛ ዓይነቱ አድናቂ ይሠራል። መሥራት ደግሞ ከመግዛት አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተከታታይ የመርከቧ ሐኪም የዶክተር ማኮይ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሆነው የታዩት እኮ የገበታ ጨው መነስነሻዎች ናቸው! እነሱም ያገኙትን ነው ያነሱት። ያንን ሳውቅ ከማርሚታ ቱቦ የመርከብ ሞተር ማውጣት ነውር እንዳልሆነ ገባኝ።

ኢንተርፕራይዝ የምትባለው የዚያ ተከታታይ መርከብ ዋና ሞዴል 11 ጫማ ይረዝማል፤ እንጨት፣ ፕላስቲክና ላሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስሚዝሶኒያን ለተባለው የአሜሪካ ሙዚየም ተቋም ተሰጥቶ አሁን ዋሽንግተን የአቪዬሽንና የጠፈር ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ግራ ጎኑ ሳይጨረስ የቀረ ነው። መብራት ሲገባለት ሽቦው በግራ በኩል ስለወጣ ካሜራው ያየው የነበረው ቀኙን ነው፤ በጎኑ ላይ ያሉት መስኮቶችና ምልክቶችም እዚያው ቀሩ። የእኔንም እንደዚያው አደረግኩት። የመርከቧን ክብ የፊት አካል ከሁለት ኮፈን ቆርጬ፣ የአሸዋ ከረጢት ላይ እየቀጠቀጥኩ አጎበጥኩት። ከዚያ ብየዳ፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንቲረስት፣ በመጨረሻ ግራጫው ቀለም። በቀኝ በኩል መስኮቶቹ በዳሽቦርድ አምፖል ይበራሉ፤ በግራ ሽቦው ወጥቶ ይታያል። ሆዱ ላይ በፊደል መምቻ «ኮምቦልቻ» ብዬ ከነዓመተ ምሕረቱ መታሁበት።

ሰውየው መኪናውን ይዞ የመጣው ለኮፈን ነበር። ደሴ ላይ ላውንጅ ሊከፍት ዕቃ እያሟላ ነው። መርከቧን ከጣሪያው ሥር አያትና ዋጋ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሳይከራከር ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዞሮ ግራውን አየ።

«ይሄኛው ጎን አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል ጌታዬ። ዋናውም እንዲህ ነው» አልኩና የሽቦውን ታሪክ አጫወትኩት። ደስ አለው፤ የእውነት ደስ አለው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። እኔም ልቤ ሞላ፣ ይህን ታሪክ በዚያ ጆሮ የሰማኝ ሰው አልነበረምና።

«እንግዲያማ ኦሪጅናል ነው ማለት እንችላለን» አለ።

«እንዴት ያለ ኦሪጅናል?»

«ፊልሙ የተቀረጸበት፣ ከአሜሪካ የመጣ ነዋ። ማን ያጣራል? ትንሽ ፈገፍገፍ አርገህ አስረጅልኝ። ይቺን ጽሑፍ ደግሞ በግራይንደር አንሳትና ቀባባት። እጥፍ እከፍልሃለሁ።»

አላደርገውም አልኩ። ሳቀብኝ። «ብረት ነው እኮ ወንድሜ!» አለኝ።

አለቃዬ ብየዳ ላይ ነበር፤ ጭምብሉን ወደ ላይ ገለበጠው። እጥፍ የምትለዋን ሰምቷል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ያንን ቪትዝ እንዳልተጋጨ አድርገህ ያወጣኸው አንተ አይደለህም? ባለቤቱ ሊሸጠው እንደሆነ አላወቅህም ነበር?»

መልስ አጣሁ። አውቅ ነበር፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የተጎዳ አካል ማቅናት ሥራችን ነው፣ ጥሩ ባትላሜራ የሚባለውም ቀለሙ ከአሮጌው ቀለም ጋር ሳይለይ ሲቀር ነው። ግን ይሄኛው ሌላ ነገር እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ልዩነቱን የምናገርበት ቋንቋ ነው ያጠረኝ። ዓይኔ ከመርከቧ ሆድ ላይ ሲያርፍ መጣልኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሻንሲ ቁጥር ፍቀው ያውቃሉ?»

«አስተግፊሩላህ! እኔ?»

«ቢከፍሉዎትስ?»

«ምን ቢከፍሉኝ። ያ እኮ የመኪናው ማንነት ነው፤ ያስራል።»

«ይቺም የእሷ ሻንሲ ቁጥር ናት።»

አለቃዬ ተነስቶ መጣ። ጓንቱን አውልቆ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ «ወንድሜ፣ ኮፈንህ ሐሙስ ይደርሳል» አለና ጭምብሉን አወረደ።

ስለ «ብረት ነው እኮ» አንድ ነገር ልበል። ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከዋናው ሞዴል ታሪክ ሁሉ የምወደው እድሳቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያለቀው እድሳት ላይ ባለሙያዎቹ ቀድሞ በሌላ እድሳት የተቀባውን እያነሱ መርከቧን ወደ ጥንቱ መልኳ ሲመልሱ የክቡን አናት ግን አላቀለሙትም፤ ከቀረጻው ዘመን የተረፈው ቀለም እሱ ነበርና። ያ አሮጌ ግራጫ በዕድሜ የመጣ ነው። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ያንን ዕድሜ ላስመስል ማለት፣ እነዚያ ሰዎች የተጠነቀቁለትን ነገር መስረቅ ነው። ደግሞም መርከቧ የአሜሪካ ናት ከተባለ ኮምቦልቻ ውስጥ ያንን ላሜራ ማንም አልቀጠቀጠም ማለት ነው። ኦሪጅናል መባል አያስፈልጋትም። የአድናቂ ሥራ ናት፣ እንደ አድናቂ ሥራ ብትታይ አታፍርም።

ላውንጁ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ የጣሊያን ጊዜ የሚባል ፋኖስ ተሰቅሏል ሲሉ ሰምቼ፣ ደሴ የሄድኩ ቀን ገብቼ አየሁት። ያንን ዝገት አውቀዋለሁ፤ የጨውና የኮምጣጤ ዝገት ነው። ዘመን ያዛገው ብረት እንዲያ ወጥ ሆኖ አይቀላም። ሻይዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

የቪትዙ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ሻንሲ ቁጥሩ አልተነካም፣ ሊብሬውም ትክክል ነው፤ ገዢው ግን በሩ ስንት ስቱኮ እንደተሸከመ አያውቅም። ለአለቃዬ የሰጠሁት መልስ ለመርከቧ ይበቃል፤ ለዚያ ገዢ አይበቃም። አሁን ደረሰኝ ስቆርጥ የተሠራውን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፦ የቀኝ የኋላ በር ተቀጥቅጦ ቀና፣ ስቱኮ ገባ፣ ተቀባ። አለቃዬ «ደንበኛ ታባርርብኛለህ» ይላል፤ ግን አልከለከለኝም። አንዳንዱ ባለመኪና ከግቢው ሳይወጣ ቀዶ ይጥለዋል። ገዢ መጥቶ ከጠየቀኝ የደረሰኙን ቀሪ አውጥቼ አሳየዋለሁ፤ ይህንን ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ።