ቡናና ሻይ ስትገዙ ፓኬቱን አገላብጡት

ቡና ስትገዙ መጀመሪያ የተቆላበትን ቀን ፈልጉ። ብዙ ፓኬት ላይ ግን ያለው «ከዚህ ቀን በፊት ይጠቀሙ» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተቆላ አንድ ዓመትም ከዚያም በላይ ወደፊት ተቆጥሮ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ቡናው መቼ ምጣድ ላይ እንደወጣ ምንም አይነግራችሁም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የማወቅ መብት አለው።

ፓኬቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ቀዳዳ አይታችኋል? ለማሽተቻ የተሠራች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ቀዳዳዋ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር ግን አታስገባም። ከተፈጨ በኋላ መዓዛው ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ከቻላችሁ ፍሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፍጩት።

የዋጋው ነገርስ? ሁለቱ ዋና የቡና ዓይነቶች አረቢካና ሮቡስታ ናቸው፤ የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ፣ የሮቡስታ ደግሞ ለንደን ባለው የወደፊት ግብይት፣ ማለትም ወደፊት ለሚረከቡት ቡና ዋጋው ዛሬ በሚቆረጥበት ገበያ ላይ ይወሰናል። ብራዚል ላይ ውርጭ ወይም ድርቅ ሲመታ እዚያ ዋጋው ወዲያው ይዘላል፣ ሱቅ ውስጥ ግን ነጋዴው ቀድሞ የገዛው ክምችት እስኪያልቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይቸኩልም!

ሻይ ለየት ይላል። ብዙው እንደ ሞምባሳና ኮሎምቦ ባሉ ከተሞች በጨረታ ይሸጣል። በትንንሽ ከረጢት የሚመጣው በአብዛኛው ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ቀለም ይሰጣል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን የከረጢቱም የማሸጊያውም ወጪ እናንተ ላይ ነው፤ ስለዚህ የፓኬቱን ሳይሆን የ100 ግራሙን ዋጋ አወዳድሩ።