ሳልናገረው የቀረሁት 41 አምፔር

ለኢንተርንሺፕ ስወጣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ማህተሙ፣ ስለ ሪፖርቱ ገጽ ብዛት የመከረኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ስህተት ካየሽ ለማን ትናገሪያለሽ፣ እንዴት ትናገሪያለሽ፣ መቼ ትናገሪያለሽ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚወጡት ነው።

2010 ዓ.ም. ነው፤ የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የትብብር ደብዳቤ በአንድ ቀን ወጣልኝ፤ ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የእህል ማቀነባበሪያ ድርጅት ተቀበለኝ። ስሙንም ከተማውንም አልጠቅስም። አብዛኞቹ ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሄዱ፤ መምህራኖቻችንም ስም ያለው መሥሪያ ቤት ምረጡ ይሉን ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ስም ያለው ቦታ ሃያ ተማሪ አንድ ፓነል ከቦ ይቆማል፤ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። እኔ ለብቻዬ ነበርኩ፤ ከቢቸና የመጣሁ ልጅ መሆኔን የሰማችው አከራዬም እንደ ልጇ ያዘችኝ። የደህንነት ጫማውን ከራሴ ገዛሁ። የመጀመሪያው ወር ፋብሪካውን በመዞር አለቀ።

የሥራ መዝገቡን በተመለከተ መመሪያው «በየሳምንቱ አርብ የሠራችሁትን ሙሉ» ይላል። አትስሙት። በየማታው ጻፉ፤ የሠራችሁትን ብቻ ሳይሆን ያያችሁትን ቁጥር ሁሉ ጻፉ። አርብ ድረስ የሚቆይ ቁጥር የለም።

በወረቀት ላይ ተቆጣጣሪዬ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ መሐንዲስ ነበር። በእውነቱ ያስተማረኝ ግን ሁላችንም ጋሼ የምንለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ በዲፕሎማ ተቀጥሮ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ሰው። ፓነል ከመክፈቱ በፊት ማብሪያውን ያጠፋና ቁልፍ ይቆልፍበታል፤ መክፈቻውን በኪሱ ይከተዋል። ከዚያ ቴስተሩን መብራት ባለበት ቦታ ይሞክራል፣ የጠፋውን መስመር ይለካል፣ ተመልሶ መብራት ባለበት ደግሞ ይሞክራል። «በመሃል ቴስተሩ ሞቶ ቢሆንስ፣ ልጄ?» ይለኛል። አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ይህን አልሰማሁም።

አሁን ወደዚያ ሞተር ልምጣ። ወፍጮውን የሚያዞረው ባለ 37 ኪሎዋት ሞተር ነው። ኔምፕሌት የምንላት ትንሽ ሰሌዳ ላይ 380 ቮልት፣ ዴልታ፣ 71 አምፔር ይላል፤ ዴልታና ስታር የሞተሩ ሦስት የሽቦ ጥቅልሎች እርስ በርስ የሚያያዙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር በቀጥታ ቢነሳ ከመደበኛው ስድስት ሰባት እጥፍ ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ስለሚስብ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ ይዞራል፤ ያኔ ከመስመሩ የሚሳበው የመነሻ ከረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ከረንቱ ከተቀመጠለት ቁጥር ሲያልፍ ቆርጦ ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ሪሌ እዚያ ፓነል ውስጥ የተገጠመው ከዋናው ኮንታክተር (ሞተሩን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ማብሪያ) በታች፣ የሞተሩ ጥቅልል መስመር ላይ ነው። በዴልታ ጊዜ በዚያ ቦታ የሚያልፈው የመስመሩ ከረንት ሙሉው ሳይሆን 0.58 እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪሌው መቀመጥ ያለበት 71 ላይ ሳይሆን 41 ላይ ነው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ጋሼ ፓነሉን ለጽዳት ሲከፍት እኔ ኮንታክተሩ ላይ የተጋገረውን ዱቄት በብሩሽ እየጠረግሁ ነበር። የሪሌውን መዘውር አየሁት። ከ63 እስከ 80 የሚል ነው፤ ቀስቱ 71 ላይ ቆሟል። ማታ ቤቴ ገብቼ ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሦስቱንም ጊዜ 41 መጣ። በመዝገቤ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።

በእርሳስ! ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በማግሥቱ መሐንዲሱ ቢሮ ገባሁ። «ኢንጂነር፣ የወፍጮው ሪሌ 41 ላይ መሆን አልነበረበትም?» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሞተሩ ላይ ስንት ይላል?»

«71።»

«ሪሌውስ ስንት ላይ ነው?»

«71።»

«ታዲያ ያልገባሽ ምኑ ነው?»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ስሌቱ በደብተሬ ነበር፤ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ላደርገው እችል ነበር። ከውጤቴ ትልቁን ድርሻ የሚሞላው እሱ መሆኑን አሰብኩና ተውኩት። ለጋሼም አልነገርኩትም። ሪሌውን የቀየረው እሱ መሆኑን ሰምቼ ነበርና የእሱን ስህተት የማጋልጥ መሰለኝ። ምሳውን ያካፈለኝን ሰው እንዴት ብዬ? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታዬን ጨዋነት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከ19 ቀን በኋላ፣ ግንቦት ውስጥ፣ ሌሊቱን ነጎድጓድ ነበር። መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ወፍጮው ተነሳ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወደ ሞተሩ ፓነል ከሚሄዱት ሦስት ፊውዞች አንዱ ተቃጠለ። ሞተሩ ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ከሦስቱ የመብራት መስመሮች፣ በሁለቱ ብቻ መዞሩን ቀጠለ። ቀደም ብለን በክላምፕ ሜትር ስንለካው 60 አምፔር ይስብ ነበር፤ አንድ ፌዝ ሲጎድልበት በቀሪዎቹ ሁለት መስመሮች ወደ 104 ይደርሳል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው፣ 69 ያህሉ፣ በአንዱ ጥቅልል ብቻ ያልፋል። ጥቅልሉ የተሠራው ለ41 ነው። ሪሌው የሚጠብቀው 71ን ነው። ያረጀ ስለነበረ የፌዝ መጉደልን ለይቶ አያውቅም። 69 ደግሞ ከ71 በታች ነውና ዝም አለ።

ጠዋት ስደርስ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ከዱቄቱ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል። ጋሼ የሞተሩን ክዳን ሲያነሳው በክቡ ዙሪያ አራት ቦታ ጥቅልሎቹ ከሰል መስለዋል፤ በመካከላቸው ያሉት ግን ቀይ ሻይ መስለው ያብረቀርቃሉ። የአንዱ ፌዝ ጥቅልል ነዷል፣ የሁለቱ ደህና ነው። ዴልታ ላይ ያለ ሞተር ፌዝ ሲጎድልበት እንዲህ ነው የሚቃጠለው። በመጽሐፍ ያየሁት ሥዕል ነበር፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይጨስ ነበር።

ጥፋቱ በሌሊት ተረኛው ኦፕሬተር ላይ ተላከከ። «ድምፁ ሲለወጥ ማቆም ነበረብህ» ተባለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደመወዝ ቅጣት ተጻፈበት። በዚያ ሁሉ ወፍጮ ጩኸት መሃል! መሐንዲሱ ጠርቶኝ «ይህን በሪፖርትሽ እንዳታስገቢው፣ የድርጅት ምስጢር ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ስለ ወፍጮ ክፍሉ አጠቃላይ አሠራር ብዙ ገጽ ጻፍኩ፤ አንድም ሰው የሚጠቅም ነገር የለበትም። ኤ አመጣሁበት።

ሞተሩ ባሕር ዳር ሄዶ ዳግም ተጠቅልሎ መጣ። አብሮት ከ37 እስከ 50 የሚል አዲስ ሪሌ ተገዛ። ጋሼ ገጠመውና መዘውሩን በካቻቢቴ ወደ 41 አዞረው። ያኔ አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አይቼው ነበር» አልኩት። መዝገቤን አሳየሁት፤ ቀኑን አነበበ።

ምንም ሳይናገር ሳጥኑን ከፍቶ የታጠፈ ሮዝ ወረቀት አወጣ። የግዥ መጠየቂያ ቅጂ ነው። በራሱ እጅ «ለወፍጮ ሞተር፣ ከ37 እስከ 50 አምፔር ኦቨርሎድ ሪሌ፣ 1» ይላል፤ ከስድስት ወር በፊት ተጽፎ መሐንዲሱ ፈርሞ ተቀብሎታል። ስቶር ውስጥ የተገኘው ትልቁ ብቻ ስለነበረ በጊዜያዊነት ግጠም ተብሎ ነው የገጠመው።

«ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ ዲፕሎማ ነህ አሉኝ። ምነው አልነገርሽኝም? ሁለት እንሆን ነበር» አለኝ።

ስጠብቀው የነበረው ሰው እሱ ራሱ ነበር ለካ። እሱም እኔን መሰል ሰው ሲጠብቅ ኖሯል።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ኦፕሬተሩ ቅሬታ አቅርቦ ስለነበር ኮሚቴው ቅዳሜ ሊያየው ነው። ጋሼ ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፌ እንድፈርምበትና ከሮዙ ወረቀት ጋር አያይዞ እንዲያቀርበው ለመነኝ። የእኔ የምዘና ቅጽ ማህተም የሚመታው ሰኞ ነው። «እጽፋለሁ» አልኩት። ሐሙስ ማታ ጻፍኩት፤ አርብ ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ዋለ። ቅዳሜ ሞባይሌን አጠፋሁ።

ሰኞ ጠዋት ቅጼ ተሞልቶ፣ ማህተም ተመትቶ ተሰጠኝ። በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄጄ ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ስሌቱ ላይ በጣቱ እየሄደ ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነው ማለቱ ነው። ቅሬታው ቅዳሜ ውድቅ መሆኑን እሱ አልነገረኝም፤ በሩ ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ነው የነገረኝ። ጋሼ ወረቀቱን አጥፎ ቴስተሩ ባለበት የደረት ኪሱ ከተተውና «በይ ልጄ፣ የደብረ ማርቆሱ መኪና እንዳያመልጥሽ» አለኝ።